ልናገር፣ ልጻፍ ወይስ ልክሰስ? ሕመም ወይም አካል ጉዳት ይዞ የሚሠራ ሰው ከአለቃው ጋር ሲጋጭ ያሉት መንገዶች

ዘጠኝ ዓመት በአንድ የካርቶን ፋብሪካ የሰው ሀብት ክፍል ውስጥ ሠርቻለሁ። የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ የማረቅቀውም፣ ሠራተኛውን ጠርቼ የማስፈርመውም፣ ፋይል ውስጥ የምከተውም እኔ ነበርኩ። ስድስተኛው ዓመት ላይ ስኳር ተገኘብኝና ኢንሱሊን ጀመርኩ። በዓመቱ ደግሞ በማርፈድ የተጻፈ ማስጠንቀቂያ ለራሴ ደረሰኝ። ቅጹን ያዘጋጀሁት እኔው ስለነበርኩ ማንበብ እንኳ አላስፈለገኝም፤ ስሜንና ቀኑን ብቻ አይቼ ፈረምኩ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ሰው ያማክረኛል። ጥያቄው ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው፦ «ዝም ልበል? ልንገራቸው? ማኅበሩ ጋ ልሂድ? ልክሰስ? ወይስ ትቼ ልውጣ?» መልሱ ግን አንድ አይደለም። የምትፈልጉት ሥራው እንዲቀጥል ነው ወይስ ገንዘባችሁን ይዛችሁ መውጣት? ይህን ሳትለዩ ከተነሳችሁ የማይሆን በር ታንኳኳላችሁ። ያ በር እስኪከፈት ስትጠብቁ ደግሞ የሌላው በር ጊዜ ያልፋል።

የምናገረው በግል ድርጅት ተቀጥሮ በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለሚተዳደር ሰው ነው። የመንግሥት ሠራተኛ የራሱ ሕግ አለው፤ መንገዱም በመሥሪያ ቤቱ ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ አልፎ ወደ አስተዳደር ፍርድ ቤት የሚሄድ ነው። የሥራ መሪ የሆነ ሰውም (በአሠሪው ፈንታ የሚወስን፣ ሠራተኛ የሚቀጥርና የሚያሰናብት ማለት ነው) በአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ አይሸፈንም። («ኃላፊ» የሚል መጠሪያ ስለተሰጣችሁ ብቻ የሥራ መሪ አትሆኑም፤ የሚታየው በእርግጥ የምትሠሩት ሥራ ነው።) የአካል ጉዳተኞችን የሥራ ስምሪት መብት የሚደነግገው አዋጅ ቁጥር 568/2000 ግን ለግልም ለመንግሥትም ይሠራል።

መንገር ወይስ መደበቅ

ክራንች ወይም ነጭ በትር የያዘ ሰው ይህ ምርጫ የለውም። ስኳር፣ የሚጥል በሽታ፣ ኩላሊት፣ የአእምሮ ሕመም ያለበት ግን አለው፤ ጠቡም ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከዚሁ ነው።

መደበቅ የሚያዋጣበት ጊዜ መኖሩን አልክድም። በሙከራ ጊዜ ውስጥ፣ ማለትም ቢበዛ በ60 የሥራ ቀናት ውስጥ፣ አሠሪው ለሥራው ብቁ አይደለህም ብሎ ያለ ማስጠንቀቂያ ጊዜ (ማለትም ቀድሞ ሳያሳውቅ) እና ያለ ካሳ ሊያሰናብት ይችላል። የሕመም ፈቃድ መብትም የሚጀምረው የሙከራ ጊዜ ካለቀ በኋላ ነው። ሕመማችሁ ሥራውን የማይነካ፣ ማንንም ለአደጋ የማያጋልጥ ከሆነ እነዚህን ወራት ዝም ብሎ ማለፍ ሐሰት አይደለም።

ግን ዝምታ የሚያስከትለውን እኔ አይቼዋለሁ። አንድ ቀን ከረፋዱ አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ማሽኖቹ ክፍል ስኳሬ ወረደ። ላብ በላብ ሆንኩ፣ ምላሴ ተሳሰረ፣ የያዝኩት መዝገብ ከእጄ ወደቀ። ሱፐርቫይዘሩ ትክ ብሎ አየኝና «ማታ የት አምሽቶ ነው?» አለ። ሰዉ ሳቀ። ሻይ የምታፈላልን እትዬ ግን ከዳር መጥታ «ኧረ ይሄ መጠጥ አይደለም፤ ወንድሜንም እንዲህ ያደርገው ነበር። ልጄ፣ አፍህን ክፈት» ብላ ሦስት ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጣ አጠጣችኝ። እሷ ባትኖር በማግሥቱ ሰክሮ ሥራ ገባ የሚል ሪፖርት ጠረጴዛዬ ላይ አገኝ ነበር። የምጽፈውም እኔ!

በመንገርና በመደበቅ መሐል ሦስተኛ መንገድ አለ፤ እኔ የምመርጠው እሱን ነው። የሕመሙን ስም ሳይሆን የሚያስፈልጋችሁን ንገሩ። «የምሳ ሰዓቴ መዛነፍ የለበትም» ለማለት ስኳር የሚለውን ቃል መጥራት ግድ አይደለም። ድንገት የሚጥል ወይም ራስን የሚያስት ሕመም ከሆነ ግን አጠገባችሁ የሚሠራ ቢያንስ አንድ ሰው ስሙንም፣ ምን ማድረግ እንዳለበትም ይወቅ።

በቃል ወይስ በጽሑፍ

እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ ልቆይ፤ ሥራቸውን ካጡት ውስጥ ብዙዎቹ ያጡት እዚህ ላይ ነውና።

አንዲት የሂሳብ ሠራተኛ ነበረችን፤ በልጅነቷ በያዛት ፖሊዮ በምርኩዝ ነው የምትሄደው። ክፍሏ ምድር ላይ ነበር፤ ቢሮ ሲለዋወጥ አራተኛ ፎቅ ተመደበች። ሊፍቱ መብራት ሲኖር ይሠራል፣ ሲጠፋ ይቆማል። ከክፍል ኃላፊዋ ጋር ስትነጋገር «እሺ፣ እናያለን» ይላታል። ማርፈድ ጀመረች፤ ማስጠንቀቂያ ወጣባት። እኔ ዘንድ ስትመጣ «መቼ ነው የጠየቅሽው?» አልኳት። «ስንቴ!» አለች። ፋይሏን ከፈትኩት። ውስጡ ያሉት ማስጠንቀቂያዎች ብቻ ናቸው። ስለ ደረጃውም፣ ስለ ሊፍቱም፣ ስለ እግሯም አንድ መስመር የለም። ፋይሉን የሚያነብ ዳኛ የሚያየው አንዲት አርፋጅ ሠራተኛ ነው።

ማርፈድ በሕጉ ቀላል ነገር አይደለም። በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እየተሰጠው በስድስት ወር ውስጥ ስምንት ጊዜ ያረፈደ ሠራተኛ ያለ ማስጠንቀቂያ ጊዜ ሊሰናበት ይችላል። በተመሳሳይ ሁኔታ በስድስት ወር ውስጥ በድምሩ አምስት ቀን የቀረም እንዲሁ። የኩላሊት እጥበት ያለበት፣ ክኒኑ ጠዋት ጠዋት እንቅልፍ የሚጥልበት፣ ታክሲ ሰልፍ ላይ መቆም የማይችል ሰው ስምንቱን ለመሙላት ጊዜ አይወስድበትም።

የቃል ንግግር ጥቅሙ ግንኙነትን አለማበላሸቱ ነው። አለቃችሁ ደህና ሰው ከሆነ፣ ጉዳዩም ወንበር መቀየር ያህል ከሆነ፣ በቡና ሰዓት ጨርሱት። ሁለት ጊዜ ተናግራችሁ «እናያለን» ከተባላችሁ ግን ሦስተኛው በወረቀት ይሁን። ወረቀት የጠብ መጀመሪያ የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። እኔ ግን እላለሁ፣ ጨዋ ደብዳቤ ማንንም አያስቀይምም፤ የሚያስቀይመው አጻጻፉ ነው።

አጻጻፉ ደግሞ ወጥመድ አለበት። ሰው አዘኔታ ለማግኘት ብሎ «በሕመሜ ምክንያት ሥራውን መሥራት ስላልቻልኩ» ብሎ ይጀምራል። ይህን ዓረፍተ ነገር በሰው ሀብት ክፍል ዓይን አንብቡት። በጤና ወይም በአካል ጉዳት ምክንያት ግዴታውን ለዘለቄታው መወጣት ያልቻለን ሠራተኛ ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ማሰናበትን ሕጉ ይፈቅዳል፤ እናንተ ደግሞ ፈርማችሁ ማስረጃውን ሰጣችሁት። «አልችልም» አይጻፍ። የሚጻፈው «ይህ ቢመቻችልኝ እሠራለሁ» ነው። ለምሳሌ፦

«በምርት ምዝገባ ሥራ ላይ እገኛለሁ። ሥራዬን እስካሁን እንደማከናውነው መቀጠል እንድችል የምሳ ሰዓቴ ከቀኑ 6፡30 እንዳያልፍ፣ መድኃኒቴንም በክሊኒኩ ማቀዝቀዣ እንዳስቀምጥ እንዲፈቀድልኝ በአዋጅ ቁጥር 568/2000 መሠረት እጠይቃለሁ። የሐኪም ማስረጃ አያይዣለሁ። ውሳኔው በጽሑፍ እንዲገለጽልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።»

ደብዳቤውን ለአለቃችሁ በእጁ አትስጡት፤ መዝገብ ቤት አስገቡት፤ ቁጥርና ቀን ይሰጠው። ግልባጩ ላይ የተቀባዩን ፊርማና ማኅተም አስደርጋችሁ ቤት አስቀምጡ። መሥሪያ ቤት መሳቢያ ውስጥ አይደለም፣ ቤት።

አዋጅ 568 ለምን ይጠቀሳል? አሠሪው ለአካል ጉዳተኛ ተመጣጣኝ ማመቻቸት እንዲያደርግ፣ አስፈላጊ ሲሆንም ረዳት እንዲመድብ ያስገድዳል፤ አለማመቻቸቱን ራሱን እንደ አድልዎ ይቆጥረዋል። ደግሞ አድልዎ ተደርጎብኛል የሚል አካል ጉዳተኛ ሲከስ የማስረዳቱን ሸክም ወደ አሠሪው ያዞራል፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ቅጣቱን ግን አትመኩበት፤ ከ2,000 እስከ 5,000 ብር ነው፤ ዛሬ ለአንድ ፋብሪካ የሻይ ወጪ ነው። አዋጁ አካል ጉዳተኛ ማን እንደሆነ ሲተረጉም የበሽታ ስም አይዘረዝርም፤ የአካል፣ የአእምሮ ወይም የስሜት ሕዋስ ጉዳት በሥራ ዕድል እኩልነት ላይ ያደረሰውን ነው የሚያየው። ስለዚህ የሐኪሙ ወረቀት ላይ «የስኳር ሕመምተኛ ነው» ተብሎ ብቻ ከሚቀር፣ ስኳሩ ዓይናችሁን ወይም እግራችሁን ምን እንዳደረገውና ምን ቢመቻች መሥራት እንደምትችሉ ቢጻፍ ይሻላል።

ስለ «ቀላል ሥራ» ወረቀትም ልጨምር። ሐኪሞቻችን «ቀላል ሥራ ይሰጠው» ብለው ይጽፉና ይሸኛሉ። ይህ ወረቀት ሁለት ስለት አለው። ድርጅቱ «ቀላል ሥራ የለንም» ብሎ ሊመልሰው ይችላል። ሐኪሙን ለምኑት፦ «ከ10 ኪሎ በላይ እንዳያነሳ»፣ «ከአንድ ሰዓት በላይ ሳያርፍ እንዳይቆም»፣ «ለሦስት ወር» ብሎ በቁጥር ይጻፈው። የተቆረጠ ነገርን «የለንም» ማለት ይከብዳል።

ማኅበር፣ ሽማግሌ ወይስ ተቆጣጣሪ

ሠራተኛ ማኅበር ካላችሁ ከፍርድ ቤት በፊት እዚያ መሄድ ደግ ነው፤ አሥር ሠራተኛ ያለበት ድርጅት ማኅበር ማቋቋም ይችላል። የማኅበር ሊቀመንበር አንዳንዴ ከጠበቃ በላይ ይሠራል። የእኛው ጋሼ የሥራ አስኪያጁን ቢሮ ሳያንኳኳ ይገባ ነበር፤ «አንተም እኮ ነገ ታረጃለህ» ብሎ ነው የሚጀምረው። የፈረቃ ለውጥ፣ የቦታ ቅያሪ፣ ማስጠንቀቂያ ማስነሳት፣ እነዚህ በማኅበር ይገኛሉ። ማኅበሩ ከአሠሪው ጋር ከተሞዳሞደ ግን ምስጢራችሁን ይዞ ይሄዳል። ከማማከራችሁ በፊት ላለፉት ሁለት ዓመታት ለማን ቆሞ እንደሚያውቅ ጠይቁ።

ሽምግልና ደስ ይላል፣ ጊዜ ግን ይበላል። አንዴ ከተሰናበታችሁ በኋላ ወደ ሥራ ልመለስ የሚለው ክስ በሦስት ወር ውስጥ ካልቀረበ ይዘጋል። ሽማግሌ «ቆይ እስኪ፣ በዓሉ ይለፍ» ሲል፣ ሥራ አስኪያጁ መስክ ሲወጣ፣ ሦስት ወር ማለት ከፋሲካ እስከ ሐምሌ ገደማ ነው። ለአሠሪው ቅሬታ ማስገባትም ሆነ ሽማግሌ መላክ ብቻውን ቆጠራውን ያቆመዋል ብላችሁ አትተኙ። ሽምግልናው ይቀጥል፤ ክሱም በጊዜው ይግባ።

የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ በሥራና ክህሎት ቢሮ በኩል ይገኛል፤ በነጻ ነው። የእሱ ነገር የሥራ ቦታው ነው፦ ደረጃው፣ መጸዳጃው፣ ብርሃኑ፣ የእረፍት ሰዓቱ፣ የአደጋ መከላከያው። ድርጅቱ መጥቶ እንዳይታይ የሚፈልገው ሌላ ብዙ ነገር ስላለው የተቆጣጣሪ መምጣት ወሬ ራሱ ነገር ያፋጥናል። ሆኖም ተቆጣጣሪ ካሳ አይወስንላችሁም፣ ወደ ሥራም አይመልሳችሁም። ገና ሥራ ላይ ላለ ሰው የሚመረጥ፣ ለተባረረ ሰው ግን ብቻውን የማይበቃ በር ነው።

ኢሠማኮ እና ኢሰመኮ

ስማቸው አፍ ላይ ስለሚመሳሰል ሰው ሲሳሳት አይቻለሁ። ኢሠማኮ የሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን ነው፤ ማኅበራችሁ በፌዴሬሽኑ በኩል የሚደርስበት። ኢሰመኮ የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን ነው፤ የአካል ጉዳተኞችን መብት ጉዳይ የሚከታተል ክፍል አለው። ኢሰመኮ ይመረምራል፣ ያነጋግራል፣ ምክረ ሐሳብ ይሰጣል፤ እንደ ፍርድ ቤት ግን «ይህን ያህል ይከፈለው» አይልም። በፍርድ ቤት የተያዘን ጉዳይም አይመለከትም። ስለዚህ ከእሱ ጋር መሄድ የምትፈልጉ ከሆነ ቅደም ተከተሉን አስቡበት። ድርጅቱ ስሙን የሚጠብቅ፣ በለጋሽ ገንዘብ የሚሠራ ከሆነ ይህ በር ከጠበቅነው በላይ ይሠራል። ለጓሮ ፋብሪካ እምብዛም ነው።

ፍርድ ቤት

ክስ የሚቀርበው በመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የሥራ ክርክር ችሎት ነው። ሠራተኛ የዳኝነት ክፍያ አይከፍልም። ሕጉ በ60 ቀን ይወሰን ይላል፤ ቀጠሮ ይደራረባልና እናንተ ከዚያ በላይ አስቡ። ለጠበቃ አቅም ከሌላችሁ ሕግ ትምህርት ቤት ያላቸው ዩኒቨርሲቲዎች የነጻ ሕግ ድጋፍ ማዕከል አላቸው፤ ለሴቶች የኢትዮጵያ ሴቶች ሕግ ባለሙያዎች ማኅበር አለ።

ሥራውን መሥራት የሚችልን ሰው በአካል ጉዳቱ ምክንያት ማሰናበትም፣ በአሠሪው ላይ ቅሬታ ወይም ክስ ስላቀረበ ማሰናበትም ሕገ ወጥ ነው። ካሸነፋችሁ ሁለት ነገር አለ፦ ወደ ሥራ መመለስ ወይም ካሳ። የምትመለሱ ከሆነ የመጀመሪያው ፍርድ ቤት እስከ ስድስት ወር የሚደርስ ውዝፍ ደመወዝ ሊያስከፍል ይችላል። ካሳ ከሆነ ላልተወሰነ ጊዜ ለተቀጠረ ሰው የቀን ደመወዙ በ180 ይባዛል፤ የማስጠንቀቂያ ጊዜ ክፍያም ይጨመራል። በቀን 300 ብር የሚያገኝ ሰው ካሳው 54,000 ብር ማለት ነው።

ሥራ ላይ ሆኖ መክሰስም ይቻላል፤ ግን እውነቱን ልናገር። የከሰሱ ሠራተኞች ቢሮ ሲገቡ ወሬ ሲቋረጥ አይቻለሁ። ከሳሽ የተባለ ሰው ሻይ ክበብ ውስጥ ብቻውን ነው የሚቀመጠው። ጤናችሁ በጭንቀት የሚባባስ ከሆነ ይህም በሂሳቡ ውስጥ ይግባ።

ትቶ መውጣት ወይስ ፈቃድ መውሰድ

ብዙ ሰው የሚከስረው በንዴት በሚጽፈው የመልቀቂያ ደብዳቤ ነው። «በገዛ ፈቃዴ» ብሎ የለቀቀ ሰው የሥራ ስንብት ክፍያ የሚያገኘው አምስት ዓመት ካገለገለ ነው። በአራተኛው ዓመት የሚወጣ ሰው ደመወዙንና ያልተጠቀመበትን የዓመት ፈቃድ ይዞ ይሄዳል። ያው ሰው ስድስት ዓመት ቢሞላው ለመጀመሪያው ዓመት 30 የቀን ደመወዝ፣ ለቀሪዎቹ አምስት ዓመታት የዚያ ሲሶ ሲሶ ያገኛል፤ በ300 ብር ሂሳብ 9,000 እና 15,000፣ በድምሩ 24,000 ብር። ለዚህ ነው አሠሪዎች «ራስህ ብትለቅ ለስምህ ይሻልሃል» የሚሉት። እኔም ብያለሁ፤ አሁን ሳስበው አፍራለሁ።

አሠሪው ክብርን የሚነካ ነገር ፈጽሞባችሁ ከሆነ ግን ያለ ማስጠንቀቂያ ለቅቆ መብትን መጠየቅ ይቻላል፤ ድርጊቱ በተፈጸመ በ15 የሥራ ቀናት ውስጥ ነው፤ ደብዳቤውም ምክንያቱን በግልጽ መናገር አለበት። የሰደባችሁ አለቃ ሳይሆን የሥራ ባልደረባ ከሆነ መልቀቅ አያዋጣም፤ በጽሑፍ ከስሳችሁ በዲሲፕሊን እንዲታይ አድርጉ።

የሕመም ፈቃድ ከመልቀቅ በፊት መታየት ያለበት ነው። በ12 ወር ውስጥ እስከ ስድስት ወር ነው፦ የመጀመሪያው ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጥሎ ሁለት ወር ግማሽ፣ የመጨረሻው ሦስት ወር ያለ ክፍያ። ስድስቱ ወር በተከታታይም ቢወሰድ በተቆራረጠም ቢወሰድ ይደመራል። በሳምንት ሦስት ቀን የኩላሊት እጥበት ያለበት ሰው ሙሉ ቀን ፈቃድ እየሞላ ከሄደ ሳያውቀው ይጨርሰዋል፤ ለእሱ የሰዓት ማመቻቸት ከፈቃድ ይሻለዋል። ጉዳቱ ሥራ ላይ የደረሰ ከሆነ ደግሞ በሕመም ፈቃድ አይመዝገብ፤ በሥራ ላይ ጉዳት ይመዝገብ። ክፍያው ሦስት ወር ሙሉ፣ ሦስት ወር ከ75 በመቶ የማያንስ፣ ቀጥሎ ስድስት ወር ከግማሽ የማያንስ ነውና ልዩነቱ ትልቅ ነው።

እንግዲህ እኔን «አንተ የትኛውን ትመርጣለህ?» ካላችሁኝ፦ ሥራ ላይ ላለ ሰው የጽሑፍ ጥያቄ፣ መልስ ካጣ ማኅበር፣ ከዚያ ተቆጣጣሪ። ለተባረረ ሰው ሳይውል ሳያድር ችሎት፤ ሽማግሌው ከጎን ይሂድ። ለመሄድ ለቆረጠ ሰው ደብዳቤውን ከመጻፉ በፊት የዓመታቱን ሂሳብ።

የሂሳብ ሠራተኛዋ ከዚያ በኋላ ጻፈች፤ በሦስተኛው ሳምንት ምድር ቤት፣ መዝገብ ቤቱ አጠገብ ጠረጴዛ ተሰጣት። እኔም ለማስጠንቀቂያዬ መልስ ጽፌ የሆስፒታል ቀጠሮ ካርዴን ኮፒ አያያዝኩ፤ የመግቢያ ሰዓቴ ከ1፡30 ወደ 2፡30 ተዛወረ። ማስጠንቀቂያው ግን አልተነሳም። ክሊራንስ ጨርሼ እስከወጣሁበት ቀን ድረስ ፋይሌ ውስጥ ነበር፤ ከኋላው የእኔ መልስ በስቴፕለር ተያይዞ።